የፊት ፍሬን ምስክር

ቀጸላ የአሮጌውን ሞተር ሳይክል የፊት ጎማ በግራ እጁ አሽከረከረና የፍሬኑን መጨበጫ በቀኙ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠው። ጎማው ዝግ፣ ዝግ እያለ ሄዶ ቆመ። ይህን ሲያደርግ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

"ይኸው፤ ምንም የለበትም" አለ ቀና ብሎ ሳያያት።

ፋዲላ ከቀጸላ ጋራዥ በር አላለፈችም። ባሏ ያሲር ከትናንት በስቲያ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ሲወርድ ከዚሁ አሮጌ ሞተር ላይ ተሽቀንጥሮ፣ ጭኑ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ሥራው ለሙሽሮች ፎቶ የሚከራዩትን የግሩምን የድሮ ሞተሮች እንጦጦ አድርሶ መመለስ ነበር። ግሩም ግን ገና በማግስቱ "ሰውየው በረረ እንጂ ፍሬኑ ደህና ነው" ብሎ ጨርሷል። ጥፋቱ የያሲር ከሆነ እንጀራውም ሕክምናውም እዚያው ላይ አበቃ።

"እሱ ገና ነካ ሳደርገው ቀጥ አለብኝ ነው የሚለው" አለች ፋዲላ። "ጋሽ ቀጸላ፣ ባልሽ ዋሽቷል ካሉኝ እቀበላለሁ። ብቻ ከእርስዎ አፍ ልስማው።"

ቀጸላ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ጠረጴዛው ላይ ግሩም ጠዋት የፊት መብራቱ ከተሰባበረው ሞተር ጋር የላከው ወረቀት አለ። በቀጸላ እጅ አዲስ ሸራ የገባለት የፊት ፍሬን ምንም እንከን እንዳልነበረበት ይመሰክራል፤ ከሥሩ ፊርማ የሚጠብቅ ስም ተጽፏል፦ "ዋና መካኒክ ቀጸላ"።

ዋና መካኒክ። የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በዘይት ሲጨማለቅ የጠበቀው ስም ነው። ስሙ ሲመጣ ግን ዲፕሎማ ይዞ ለመጣው ለግሩም ሆነ፤ ሸራ በየት በኩል እንደሚገባ እሱ ላስተማረው ለግሩም። ያ አልበቃ ብሎት በመጀመሪያው ስብሰባ "ጋሽ ስድስተኛስ ምን ይላሉ?" አለው፣ ትምህርቱን ያቋረጠባትን ክፍል እየጠራ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማን ማን እንደሳቀ ቀጸላ ዛሬም በስም ይቆጥራቸዋል። አሁን ግሩም መሪ ሰፈር ፎቅ ሠርቷል፤ እሱ ቀበና ወንዝ ዳር ቆርቆሮ ሥር ቀርቷል። ቢሆንም የአሮጌ ሞተር ፍሬን በታመመ ቁጥር ግሩም ከዚህ ቆርቆሮ ሌላ መሄጃ የለውም። ጠዋት ወረቀቱን ሲያነብ "እንኳን ጻፍካት" ብሎ እስክሪብቶ አውጥቶ ነበር። ያላስፈረመው የዚህች ሴት መምጣት ነው።

"ነይ እስቲ፣ አንቺው ሞክሪው" አለና ጎማውን አሽከረከረላት። "ከዚያ ወዲያ እንዳትነዘንዢኝ።"

ፋዲላ ቦርሳዋን እንዳነገተች መጨበጫውን በሁለት ጣቷ ሳብ አደረገችው። ጎማው ቀጥ አለ። ሞተሩ ከነመቆሚያው ተንገጫገጨ። ደንግጣ ለቀቀችው።

"ምን አበላሸሁ?"

"ምንም። ድገሚው።"

ደገመችው። ያው ሆነ።

ቀጸላ ቀኝ እጁን አየ። ስኳሩ ከጀመረው ወዲህ ጣቶቹ ደንዝዘው ኃይላቸው ከድቷቸዋል፤ መፍቻ ይያዙ አይያዙ የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ለማንም አልተናገረም። ይህን ፍሬን ሲገጥም አልቆም ቢለው ሸራውን ሰደበ፣ ርካሽ ዕቃ ገዛ ብሎ ግሩምን ረገመ። በመጨረሻ ካቦውን፣ ፍሬኑን የሚስበውን የሽቦ ገመድ፣ የጎማው ታምቡር ላይ ካለችው ክንድ ከውስጠኛው ቀዳዳ አውጥቶ፣ ኃይል ወደሚጨምረው ወደ ውጨኛው አዛወረው። ያኔ እንደሚፈልገው ቆመለት። ለእሱ እጅ።

"ያሲር እጁ ጠንካራ ነው?" አላት።

"ሞተር ሳይዝ በፊት ድንጋይ ጠራቢ ነበር።"

ቀጸላ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ይህ ከተሰማ ከእንግዲህ ፍሬን ይዞለት የሚመጣ ሰው የለም። ጋሽ ስድስተኛ እጁም ሞተ ይባላል፤ ያ ስብሰባ እንደገና ይስቃል። መፍቻውን አነሳ። አንድ ዳዶ አላልቶ ካቦውን ወደ ቦታው ለመመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ማንም ቢጨብጠው ፍሬኑ ደህና፣ ወረቀቱም እውነት ነው። እሷ ሥራውን አታውቅ።

"ምን ሊያደርጉት ነው?" አለች ፋዲላ።

መፍቻው ዳዶው ላይ እንዳረፈ ቆየ። ከዚያ በሌላው እጁ ስልኩን አውጥቶ ግሩም ጋ ደወለ።

"ፈረሙልኝ ጋሼ?" አለ ግሩም።

"አልፈረምኩም። ና።"

"አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ማታ ሰው እልካለሁ።"

"ሰው አትላክ። ራስህ መጥተህ በራስህ እጅ ጨብጠው። በእኔ አይለካም፤ የእኔ እጅ ሞቷል።"

ከግሩም በኩል የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ሳል ቀጸላ ሳይለየው ስልኩን ዘጋው።

ከመሪ እስከ ቀበና በዚህ ሰዓት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቀጸላ ራሱን ያውቃል፤ አንድ ሰዓት ለእሱ ብዙ ነው። ለዚያ ዳዶ የሚሆን ሌላ አሥር ቁጥር መፍቻ የለውም። ያለችውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለፋዲላ ዘረጋላት።

"ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው" አላት። "እሱ እስኪመጣ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።"