እኔ ቤት የተደበቁት የስፌት መኪናዎች

የፍርድ ቤቱ መጥሪያ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሃሺሚ ሥራ ላይ ስለነበር የተቀበለችው ሚስቱ ነዚሃ ናት። እኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ቱኒዚያ፣ ማህዲያ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ እዚያችው ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ወረቀቱን ይዛ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ኻልቲ፣ አክስቴ ነው የምትለኝ።

«ኻልቲ ሙንጂያ፣ እስቲ ያንብቡልኝ። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።»

አልተሳሳተችም። የሃሺሚ የቀድሞ ሚስት ዋሲላ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው የአሪጅ ቀለብ ከመቶ ሰማንያ ዲናር ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ ከፍ ይበልልኝ ብላ አመልክታለች። ምክንያቱ በአንድ መስመር ሰፍሯል፤ የአባትየው ቤት ገቢ ስለጨመረ ይላል።

የሃሺሚ ገቢ እንኳን ሊጨምር በግማሽ ቀንሷል። የሚሠራበት የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ከመስከረም ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው። ቤቱን ያቆመችው ነዚሃ ናት። በወርቅ ክር የተጠለፈ የሙሽራ ልብስ ትሠራለች። በአንድ የስፌት መኪና ጀምራ ሦስት አደረሰች፤ ሁለት ልጃገረዶችም ቀጠረች። የቤት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። በዚያ ላይ በበጋው ትልቅ ማቀዝቀዣ ገዛች፤ ሲገባ ያላየ የሰፈር ሰው የለም።

«ፀጉር ቤት ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ቤት ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ዳኛ ይደምራል አሉ፤ የኔንም ጭምር። ከዚያ ሃሺሚ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ካልከፈለ ደግሞ እስር ነው።»

«ጠበቃ ጠይቂያ!»

«ለጠበቃ የምከፍለው ካለኝማ እውነትም ገቢያችን ጨምሯል!»

በራሷ ንግግር ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛዋ ማመልከቻውን ብቻ አንብባ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤታቸው ሄዳ ኑሯቸውን አይታ እንድትጽፍ አዘዘች። ቀኑ አልተነገረም። ነዚሃን የጨረሳት ይኸው ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋት ጀመር። አንዲት የሙሽራ እናት «እጅጌው ተጣሟል» ብላ ልብስ መለሰችባት፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። 

አንድ ቀን ገብታ በቆመችበት «መኪናዎቹን እርስዎ ጋ ላስቀምጥ?» አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። ሰው ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልበት ሰዓት ሃሺሚ በብርድ ልብስ እየጠቀለለ አንድ በአንድ ወደ ጓዳዬ አስገባቸው። ወገቡን ይዞ ቀና ሲል «ነውር ነው እኮ» አለ። ለማን እንዳለው አላወቅሁም።

የማኅበራዊ ጉዳይዋ ሴትዮ ሐሙስ መጣች። ደረጃው ያደከማት ጥሩ ሴት ናት፤ መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ ነበር። ባዶውን ክፍል አየች። የመኪናዎቹ እግሮች የቆሙበት ቦታ ከሌላው ወለል ይልቅ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«እዚህ ምን ነበር?»

«አልጋ» አለች ነዚሃ።

«ልብስ ሰፊ ነሽ ሲሉኝ?»

«ለጎረቤት ቁልፍ እተክላለሁ፤ ሌላ የለም።»

ሴትዮዋ ጻፈችና ሄደች።

እሑድ አሪጅ እንደ ልማዷ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። ሁልጊዜ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ መስፊያው ክፍል ነው የምትሮጠው፤ ነዚሃ ለአሻንጉሊቶቿ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታስቀምጥላታለች። ባዶውን ክፍል አይታ ተመለሰች።

«መኪናዎቹስ?»

«ተሸጡ፣ የኔ ቆንጆ።»

 ኩስኩሱ ቀርቦ ሲበላ አሪጅ ከሳህኗ ላይ ያለውን ዓሣ ከፍላ ወደ ትልቁ ሳህን መለሰች። «ለማታ ይሁናችሁ» አለች። ሃሺሚ ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ይህን የነገረችኝ ነዚሃ ናት፤ ስትነግረኝ አይን አይኔን ማየት አልቻለችም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነዚሃ ከአንዷ ሠራተኛዋ ጋር እኔ ጓዳ ትሠራ ነበር፤ የምትሰፋላት ሙሽራ ሠርግ አሥር ቀን ነው የቀረው። በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ዋሲላ ናት። ከስታለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በአክብሮት ሰላም አለችኝ።

«ነዚሃን ፈልጌ ነበር፤ ብጠራት ቤት የለችም።»

አፌን ሳልከፍት ከጓዳ መኪናው ድርርር አለ። ዋሲላ አየችኝ።

«ኻልቲ ሙንጂያ፣ ድመትዎ መስፋት ጀመረች እንዴ?»

አልፋኝ ገባች። ሦስቱ መኪናዎች ተደርድረዋል፤ የወርቁ ጨርቅ ፍራሹ ላይ ተዘርግቷል። ነዚሃ ብድግ አለች።

«ልጄ ትናንት ስታለቅስ አመሸች» አለች ዋሲላ። «'ባባ ደኽይቷል፣ ማማ ክሱን ተይላቸው' እያለች። እኔ ሞኟ ክሱን ላንሳ ብዬ ነው የመጣሁት! የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዋሻችኋት!»

«የኔ ድካም ለምን ይቆጠራል?» ጮኸች ነዚሃ። «ልጂቱ ያንቺና የሃሺሚ ናት፤ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ያንቺን ማን ጠየቀሽ? የማጸዳበት ሆቴል ከተዘጋ ሁለት ወር ሆነው። ኪራይ ከፍዬ በመቶ ሰማንያ ዲናር ምን አብልቼ ላሳድጋት? ንገሪኛ!»

ነዚሃ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስለ ሆቴሉ ማናችንም አልሰማንም ነበር።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ለማን? ባልሽ መቼ ስልኬን ያነሳል?» ደጃፉ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ያየሁትን ለዳኛዋ እናገራለሁ።»

ማታ ሃሺሚ ነዚሃን «ክጂ» አላት፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። «ማን ይመሰክራል?» እኔ ተነስቼ ሄጄ «እኔ እመሰክራለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሰላም አላለኝም።

በቀጠሮው ቀን አብሬያት ሄድኩ፤ ነዚሃ የኪራይ ደረሰኞቿን በፌስታል ይዛ፣ ዋሲላ ሳትናገር መኪናዎቹን መደበቋን ቀድማ ተናገረች። ድምፅዋ ስለሚንቀጠቀጥ ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ የዳኛዋ ቁጣ ወረደባት።

«ለመንግሥት ሠራተኛ መዋሸት ቀላል መሰለዎት? ልከስዎት እችል ነበር!» አለቻት። ነዚሃ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። «የእርስዎ ገቢ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም። ቀለብ የሚከፍለው የልጅቷ አባት ነው። ደመወዙ ቀንሷል፤ ነገር ግን ኪራዩን እርስዎ ሲከፍሉለት ከእጁ የሚወጣውም ቀንሷል። የእናትየው ገቢ ደግሞ ጨርሶ ጠፍቷል። ሁሉም ይታያል።»

ሁለት መቶ ሠላሳ ዲናር ወሰነች። የማንኛችሁም ኑሮ ሲለወጥ መጥታችሁ ንገሩኝ አለች።

ደረጃው ላይ ነዚሃ ዋሲላን ደረሰችባትና «እኔ ጋ ሥራ አለ» አለቻት። ዋሲላ አመናጭቃ አልመለሰችላትም፤ ፈገግ ብላ «የልጄም ቀለብ ካንቺ ቤት፣ የኔም ደመወዝ ካንቺ ቤት? አይ፣ ይቅርብኝ» አለች። ሃሺሚ ሁላችንንም ጥሎን ፊት ፊት ይሄድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፋብሪካው ከመጪው ወር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እከፍታለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሃሺሚ ወሬውን ይዞ ሲገባ እኔም እዚያው ነበርኩ። ነዚሃ ቀለሟ ተለወጠ፤ ግን ጊዜ ሳትሰጥ ስልኳን አነሳች። ሃሺሚ ሊቀማት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«ዋሲላ? ነዚሃ ነኝ። አይ፣ አሪጅ ደህና ናት፣ አትደንግጪ። ሌላ ነገር ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው፤ የሃሺሚ ፋብሪካ ከመጪው ወር ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ማዳመጥ ጀመረች። ዋሲላ ብዙ ተናገረች። ሃሺሚና እኔ የነዚሃን ፊት እያየን ጠበቅን።