ስፌቱ ወደ ውጭ

ድንቢጥ ከስፌት መኪናው ሥር ገብታ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍናለች። አዲሱ ጥቁር ቀሚስ ወለሉ ላይ ወድቋል። አያቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ለቅሶ ደራሹ ግን ገና አልቀነሰም።

«ሰባት ዓመት ሞልቷት ለአያቷ ጥቁር አልለብስም ማለት ምን የሚሉት ነው?» አለች አክስቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባዬ ነው ያቀበጣት፣ ነፍሱን ይማረውና። እኔ ጋ ትምጣ፤ ከልጆቼ ጋር ስትውል ትስተካከላለች። አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

እናትየዋ የወደቀውን ቀሚስ አየችው። ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። መምህርት ናት፤ የሰው ልጅ ስታስተምር ትውላለች። የራሷን ልጅ ጠባይ የሚያውቀው ግን አባቷ ነበር። አሁን እሱ የለም፤ እሷም አታውቅበትም። ከሐዘኑ ይልቅ ይሄ አደከማት።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ለደንበኛ ሲሰፋ አንዲት ክር አትታይበትም፤ ለልጅ ልጁ ሲሆን ግን ስፌቱን ሁሉ ወደ ውጭ ያወጣዋል። አንድ ቀን እናትየዋ ተናደደችበት።

«አባዬ፣ ገልብጣ ለበሰች እያሉ ይስቁባታል። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው አይደለም የሚለብሰው» አለ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። «ሐኪሟ የነገረችሽን ረሳሽው? እኛን ነካ የሚያደርገን ይቺን ይወጋታል። ስትጮህ እኮ እየነገረችን ነው።»

ከዚያ ጣቱን በአንገትጌው ዙሪያ ቀስ ብሎ አዞረ፤ የሚቆረቁር ነገር እንዳይኖር። ሳያዞር አልብሷት አያውቅም።

«ታዲያ ልውሰዳት?» አለች አክስቲቱ እንደገና።

«የትም አትሄድም፣ እትዬ።»

እናትየዋ ቀሚሱን አንስታ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም ነበር። መጠኑ የተጻፈባትን ቁራጭ ጨርቅ በአባቷ ትንሽ መቀስ ከአንገትጌው ፈታችና ቀሚሱን ገለበጠችው። ጎረቤቶች በዓይን ተጠቃቀሱ፤ ተያቸው፣ አለች በልቧ። ጣቷን በአንገትጌው ዙሪያ አዞረች። ከዚያ ቀሚሱን ከመኪናው ሥር አስቀምጣ ጠበቀች።

ብዙ ቆይታ ድንቢጥ ለብሳው ወጣች። ማንንም ሳታይ ሄዳ ከእናቷ ጀርባ ቆመች። ያቺ ሰው መንካት የማትወድ ልጅ፣ ጣቷን በእናቷ የሐዘን ልብስ አንገትጌ ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረች። እናቷ ማጅራት ላይ፣ መጠኑ የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

እናትየዋ እንባዋ መጣ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ መቀሱን ወደ ኋላ አቀበለቻት።