የበላዩን እምቢ ያለው ዳታቤዝ

አባቴ የመድኃኒት መጋዘኑን ቁልፎች በሙሉ በአንድ ቀለበት አስሮ ወገቡ ላይ ያንጠለጥላል። ሲራመድ ከሩቅ ስለሚሰማ ሠራተኞቹ «ቃጭል» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ፊት ለፊቱ ግን ማን ደፍሮ! «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። አባቴ ሞኝ አይደለም፤ በመልቀቅ በኩል ግን ከወረቀትም ይብሳል።

የመጋዘኑን ኮምፒውተር የማሠራው እኔ ልጁ ነኝ፣ ፓስወርዱን የሚይዘው ግን እሱ ነው። አንዲት ነገር ለማስተካከል እንኳ ከደንበኛ ጋር ከተቀመጠበት አስጠርቼ፣ በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ እስኪጽፍ ቆሜ መጠበቅ አለብኝ። ሰልችቶኛል። በቅርቡ ሌላ ድርጅት ሥራ ሲሰጠኝ አልደበቅሁትም።

«አባዬ፣ የመድኃኒቱን መዝገብ የሚይዝ አዲስ ዳታቤዝ እጭንልሃለሁ። እሱን ለእኔ ካልተውክልኝ ግን እሄዳለሁ» አልኩት።

«እስቲ መጀመሪያ ይሥራ» አለኝ። ይህ በእሱ ቋንቋ እምቢታ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መጋዘኑ ሲዘጋ ሥራውን ጀመርኩ። ሰርቨራችን፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ያረጀ ማሽን ነው። ለእሱ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ፕሮግራም ስለማይገኝ የዳታቤዙን ኮድ አውርጄ ፕሮግራሙን እዚያው መገንባት ነበረብኝ። አባቴ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን ሲፈትሽ አንድ ነገር አጣና ቆመ።

«ተበላሸ?» አለ አባቴ።

«አልተበላሸም። ይህ ጎድሎኛል እያለ ነው።»

«ከሠራተኞቼ ይሻላል። እነሱ የጎደለውን የሚነግሩኝ ደንበኛው በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው።»

የጎደለውን ጫንኩና ግንባታው ቀጠለ። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ይሮጣል፣ ማራገቢያው ያጓራል፤ አባቴ አንዲት መስመር ሳይገባው ሁሉንም ይቆጣጠራል። ሲያልቅ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጡትን ፈተናዎች አስኬድኩ፣ አንድም አልወደቀም። ወደ ቦታው ከገለበጥኩት በኋላ የቀረው ማስነሳት ብቻ ነበር።

«በእኔ ስም አስነሺው» አለ። በእሱ ስም ማለት በማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ሥልጣን የለም። እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ብናገር ግን ሰበብ ፈጠርሽ ሊለኝ ነው። አፌን ይዤ ትእዛዙን ጻፍኩ። ፕሮግራሙ በበላይ ተጠቃሚ ስም እንደማይነሳ ገልጾ ቆመ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ያው ነው።

«ማሽኑን የገዛሁት እኔ፣ ቤቱ የእኔ! እኔን ነው እምቢ የሚለው?»

«አንተን ጠልቶ አይደለም አባዬ። በሁሉ ላይ በሚያዝ ሰው ስም ከሠራ፣ በፕሮግራሙ በኩል የገባ ሌባ ማሽኑን እንዳለ ይወስደዋል። ስለዚህ በዳታቤዙ ፎልደር ላይ ብቻ የሚያዝ ሌላ ተጠቃሚ ይፈልጋል።»

«ማንን?»

«አንተ የፈቀድክለትን።»

እውነቱን ለመናገር መሄድ አልፈለግሁም፤ አቧራውንም ጭቅጭቁንም ጨምሮ ይህን መጋዘን እወደዋለሁ። አባቴ በመጨረሻ የፊደል ሰሌዳውን ወደ ራሱ ሳበና «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ። ፊደል በፊደል ነገርኩት። አዲሱን ተጠቃሚ ፈጠረ፣ የዳታቤዙንም ፎልደር በገዛ ጣቱ ለእሱ አስተላለፈ። ከዚያ ማሽኑ የአዲሱን ተጠቃሚ ፓስወርድ ጠየቀ።

አባቴ ሰሌዳውን ወደ እኔ ገፋ። ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

የበላይ ተጠቃሚ የማንንም ፓስወርድ በፈለገ ሰዓት መለወጥ ይችላል፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ቢያይ ባያይ ለውጥ አልነበረውም። እሱ ግን አልዞረም። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ፊደሎቹ ጠፉብኝ፤ ተሳሳትኩና እንደገና ጀመርኩ።

«ምነው ረዘመ?» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«ጠንካራ መሆን አለበት።»

«ይሁን፤ ረጋ ብለሽ ጻፊው» አለ። «ብቻ ሰኞ ጠዋት ማንም መጥቶ እንዳይጠራኝ።»