የአለንጋ ማስገቢያዋ

«ፈረስ የላትም እኮ! በአለንጋው ማንን ሊገርፉ ነው? ሞተሩን?»

«ዝም በል አንተ ወሮበላ!» አሉኝ ሚስተር ትራንተር። «አርባ ዓመት ሠረገላ ሠርቻለሁ። አለንጋ ማስገቢያ የሌለው ሠረገላ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

«ሠረገላ አይደለችማ፣ መኪና ናት!»

«ታዲያ ሠረገላ ሠሪ ምን ልታደርጉ ቀጠራችሁ?»

 ዞር ሲሉ አለንጋው የሚሰካባትን ያቺን የናስ ቱቦ ፈታሁና ኪሴ ከተትኳት። በሁለት ብሎን ብቻ ነው የታሰረችው። የኮቨንትሪ ከተማ በሙሉ ሊያየን በሚወጣበት ቀን ሊሳቅብን ነው እንዴ?

የምንሠራበት ሃርስኔት ፋብሪካ እስከዚያ ቀን ብስክሌት ብቻ ነበር የሚሠራው። ይቺ የመጀመሪያ መኪናችን ናት። የሞተሯን ብረት እኛ በሞረድ ጨርሰነዋል፣ መዳፌ እስኪላጥ። እንጨቷንና ቀለሟን ደግሞ ሽማግሌው ትራንተር። መቼም እውነቱን ልናገር፣ ጎኗ ላይ ፊትህን አይተህ ጺምህን ትላጫለህ።

መኪና ሊገዙ የመጡት ዶክተር ፔልሃም አይተው ወደዷት። ግን «የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ካልወጣች የፈረንሳዮቹን ነው የምገዛው» አሉ። አለቃችን ደግሞ እሳቸው ካልገዙ ወደ ብስክሌታችን እንደምንመለስ ቁርጡን ነግሮናል።

እኔ ነዳሁ፣ ዶክተሩ አጠገቤ፣ ሚስተር ትራንተር ከኋላ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ቀጥ! ሞተሩ ጠፋ።

«ዊልፍ!» አለኝ ጄሳፕ የሚባለው ጋሪ ነጂ ከዳር ሆኖ። «ፈረሴን ላውስህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩ ሰዓታቸውን አወጡ። የቤንዚን ጋኑን ከፍቼ አየሁ፤ ግማሽ አለው። ጋኑ ያለው ከመቀመጫችን ሥር ነው። አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲቀና ከፊት ያለው ሞተር ከጋኑ በላይ ይሆናል። ቤንዚን ደግሞ ሽቅብ አይፈስም።

«አዙረን በኋላ ማርሽ እንውጣ» አልኩ።

«በቂጧ?» አሉ ሚስተር ትራንተር።

«በቂጧ!»

ገፍተን አዞርናት፣ አስነሳኋት፣ ሦስታችንም ተሳፈርን፣ ወጣች! ሚስተር ትራንተር ከኋላ ቆመው «ግራ! ግራ አልኩህ! ጎሽ የኔ ልጅ!» ይላሉ፤ እኔን ይሁን መኪናዋን እንጃ። የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ተነሱብን። አንዱ ቡችላ የሚያክል፣ ግን ጥርሱ የአንበሳ፣ የዶክተሩን ሱሪ ነክሶ እየተጎተተ አብሮን ወጣ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ባርኔጣ ወደ ሰማይ ተወረወረ። ጄሳፕ ራሱ ባርኔጣውን አውልቋል! ሚስተር ትራንተር እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ «አቧራ ነው» አሉ። እኔም ደረቴ ሸሚዜን ሊቀድደው ደረሰ። ፈረንሳይ በሠራችው ሳይሆን በእኛዋ፣ በእኛ እጅ በተሞረደችው ነው የወጣነው።

ዶክተሩ ወረዱ። የተቀደደ ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ይዘው መኪናዋን ዞሩ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ።

«እገዛታለሁ፣ ግን አንድ ነገር ጎድሏታል። ጠዋት ያየሁት የአለንጋ ማስገቢያ የታለ?»

ሚስተር ትራንተር ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። የናሷ ቱቦ ኪሴ ውስጥ ከበደችኝ።

«ኧረ ዶክተር፣» አልኩ እየሳቅኩ፣ «ፈረስ የላትም እኮ!»

ዶክተሩ የተቀደደ ሱሪያቸውን አሳዩኝ። «ለውሻው ነው፣ ደደብ!»