አምስተኛዋ ቁራሽ

በሠራሁባቸው አስራ አንድ ፊልሞች አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ጉራ ይመስል ይሆናል፤ ይምሰል። ሥራዬ አለመሳሳት ነው። ተዋናዩ ሲጋራውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ወይን የት ድረስ እንደሆነ፣ የሴትየዋ ሻርፕ በየትኛው ትከሻዋ በኩል እንደወረደ እጽፋለሁ። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም፤ ሰኞ በሩን የከፈተ ሰው ገብቶ የሚቀመጠው ሐሙስ ሊሆን ይችላል። በመሃል ያሉትን ቀናት የምታስታውሰው እኔ ነኝ፣ ሶላንዥ። ሠራተኛው ግን ስሜን ትቶ «ደብተሯ» ነው የሚለኝ። ሙገሳ ይመስለኝ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ በፈረንጆች 1947 ጥቅምት። ፓሪስ አጠገብ ማርን ወንዝ ዳር ባለው ስቱዲዮ ውስጥ ሙሴ ኮርቪል የሚባል ዳይሬክተር የአንድ ሀብታም ቤተሰብ የእራት ግብዣ ይቀርጽ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያቺው አንዲት እራት ናት። ሰኞ ጠረጴዛውን በሙሉ ከሩቅ ቀረጽን፤ ከዚያ መብራቱ ሁሉ ተነቅሎ ዞረና የእያንዳንዱን ሰው ፊት በቅርብ መቅረጽ ጀመርን። የሰኞው ጠረጴዛና የማክሰኞው ጠረጴዛ አንድ መምሰል አለባቸው። ፎቶ አንሺያችን የሚያነሳበት ፊልም ስላለቀበት ማስረጃው የእኔ ደብተር ብቻ ነበር። ሰኞ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ቅርጫቱ ከማዳም ኤርሚን ፊት፣ አምስት ቁራሽ ዳቦ።»

ስለ ዳቦው መናገር አለብኝ። በዚያ መኸር ራሽኑ ለሰው በቀን ሁለት መቶ ግራም ወርዶ ነበር። ስለዚህ ለቀረጻ የሚመጣ ምግብ ሁሉ ላምባ ይቀባል፤ አለበለዚያ ካሜራው ሳይነሳ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። በማንም አልፈርድም፤ እኔም አንድ ጊዜ የሰም ፖም ነክሻለሁ። ጠዋት ጠዋት የአምራቹ ሰው አምስቱን ቁራሽ ቆጥሮ ለዕቃ ኃላፊያችን ለአባባ ፉልዣንስ ያስረክባል፤ ላምባው በቡርሽ እስኪቀባም ቆሞ ያያል። ከዚያ ወዲያ ከእኔ በቀር ማንም አይቆጥረውም። ላምባ የነካው ዳቦ ማን ይሰርቃል?

ረቡዕ ጠዋት ማክሰኞ የቀረጽነው ታጥቦ መጣና ጨለማው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አየነው። አንጋፋዋ ተዋናይ ማዳም ኤርሚን የቤቱ ትልቅ እመቤት ሆና ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ ያለው ቅርጫት ውስጥ አራት ቁራሽ አለ።

ሙሴ ኮርቪል አልጮኸም። ጥሬ ፊልም በልመና በሚገኝበት ዘመን ስንት ሜትር እንደባከነ ብቻ ነገረኝና፣ ቀረጻው እንደገና እንዲሠራ አዘዘ። እኔ ግን አምስት ማስቀመጤን አውቃለሁ። ቀጥታ አባባ ፉልዣንስ ዘንድ ሄጄ ትናንት ስንት እንዳስቀመጥን ጠየቅኳቸው። አስራ አንዱንም ፊልም አብረን የሠራን ሰዎች ነን።

«አራት፣» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«አምስት ነው፣ አባባ።»

«አራት ነው የቆጠርሽው፣ ሶላንዥ። አጠገብሽ ነበርኩ።»

ያን ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አምስት። ሐሙስ ጠዋት ፊልሙ መጣ። አራት።

እናቴ መርሳት የጀመረችው በአርባ ስድስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጨው ያስቀመጠችበትን፣ ቀጥሎ የመንገዳችንን ስም፣ በመጨረሻ እኔን ረሳች። «ማዳም፣ ልጄን አይተውልኛል?» ትለኝ ነበር። እኔ አርባ አራቴን ይዣለሁ። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ስቱዲዮው ግቢ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ የጎረቤቶቼን ስም ስቆጥር ቆየሁ። የሁሉንም አስታወስኩ። ግን ትክክል መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? እናቴም ታስታውስ ነበር፤ የምታስታውሰው ነገር ነው ልክ ያልነበረው። አምስት ብዬ ስቆጥር ጆሮዬ ሰምቷል፣ ፊልሙ ግን አይዋሽም፣ አባባ ፉልዣንስም አይዋሹም። የቀረሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ። እንደዚያ የፈራሁት በቦምብ ጊዜ እንኳ አልነበረም።

ሙሴ ኮርቪል ከሰዓት በኋላ ጠራኝና አርብ የመጨረሻው ሙከራ መሆኑን፣ ከዚያ በላይ የሚቃጠል ፊልም እንደሌለው ነገረኝ። ከተሳሳትኩ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ አልደበቀኝም። እንዲህ ባለ ሙያ አንዴ «ትረሳለች» ከተባልሽ አበቃ፤ ከፓሪስ እስከ ኒስ በር የሚከፍትልሽ ስቱዲዮ የለም።

አርብ ዓይኔንም ጆሮዬንም አላመንኩም። በጣቴ ቆጠርኩ። አውራ ጣቴን አንደኛዋ ቁራሽ ላይ፣ ሌባ ጣቴን ሁለተኛዋ ላይ እያልኩ፣ ትንሿን ጣቴን አምስተኛዋ ላይ ጫን አደረግኩ። አምስት ጣት፣ አምስት ቁራሽ። ከዚህ ወዲያ የሚያሳስት ነገር የለም ብዬ ወደ ወንበሬ ስመለስ አፍንጫዬን አሳከከኝና እጄን አስጠጋሁ። አውራ ጣቴ ላምባ ሸተተ። ሌሎቹም እንደዚያው። ትንሿ ጣቴ ግን ዳቦ ዳቦ ትላለች።

ደጋግሜ አሸተትኩ። አፍንጫዬም እንደ ጭንቅላቴ ከድቶኝ እንደሆነ ማን ያውቃል? ግን ዳቦ ነው። የመብራት ሠራተኞቹ ገና መብራት እያስተካከሉ ስለነበር ጊዜ አለኝ ብዬ ለቀረጻ ከተቀባው ግድግዳ ጀርባ ሄድኩ፤ አባባ ፉልዣንስ ሳህን ይወለውላሉ። እጄን አፍንጫቸው ላይ ደቀንኩላቸው።

አሸተቱ። ሳህኑን አስቀመጡ።

«አምስተኛዋን በደረቅ ቡርሽ ነው የማልፋት፣» አሉ። «ለኤርሚን ናት።»

ነገሩን በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሰኞ ማዳም ኤርሚን አንድ ላምባ የነካው ቁራሽ እጅጌዋ ውስጥ ደብቃ ስትወጣ እሳቸው ይዘዋት ነበር። ልጇ ኦዲል ከጀርመን የእስረኞች ካምፕ ከተመለሰች ሁለት ዓመት አልፏታል። ዳቦውን አትበላውም፤ ትራሷ ሥር ካላስቀመጠች ግን አይኗ አይከደንም። ጠዋት ደርቆ ስታገኘው ሌላ ትጠይቃለች። እናትየው የራሷን ራሽን ስትሰጥ ከርማ አሁን ወንበር ሳትደገፍ መቆም ተስኗታል። ከማክሰኞ ጀምሮ እኔ ቆጥሬ ስጨርስ፣ መብራቱ ሲበራና ሰው ሁሉ ቀና ሲል፣ አምስተኛዋን ታነሳለች። ቀረጻው እንዳበቃ የአምራቹ ሰው የተረፈውን ባልዲ ውስጥ ደፍቶ ስለሚቆልፍበት ሌላ ጊዜ የላትም።

«እሺ፣ እኔንስ?» አልኩ። «አራት ነው ያሉኝ ሊያሳብዱኝ ነው?»

«ብነግርሽ ትጽፊዋለሽ።»

«እኔ?»

«ባዚል ጠጥቶ መጣ ብለሽ አልጻፍሽም?»

ባዚል የመብራት ሠራተኛ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት መጠጥ መጠጥ እየሸተተ መጣ፤ መብራቱ ስላጋደለ ምክንያቱን በዕለቱ ሪፖርት ላይ ጻፍኩ። ስለሆነ ጻፍኩት። በሳምንቱ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ ጠይቄ አላውቅም። «ደብተሯ» የሚለው ስም የወጣልኝ ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

አላበድኩም ብዬ ልደሰት? ወይስ አስራ አንድ ፊልም ሙሉ ሰው እየፈራኝ አብሮኝ ምሳ መብላቱ ያናድደኝ? ሁለቱም ባንዴ መጡብኝና ማንኛቸውንም በወጉ ሳልጨርስ «ሁሉም ወደ ቦታው» ተባለ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ በራ፣ ሰው ሁሉ ቀና አለ። እኔ ቀና አላልኩም። የማዳም ኤርሚን ቀጭን እጅ ናፕኪኗን የምታስተካክል መስላ ወደ ቅርጫቱ ሄደች፣ ተመለሰች። ሐር እጅጌዋ ትንሽ አበጠ። በዚህ ጊዜ የእኔ ሥራ «ቁም!» ማለት ነው። አንድ ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። የሰፋት የሌላ ሰው ልብስ የለበሰች የምትመስል፣ ፊቷ በዱቄት የነጣ ሴት እንደ እመቤት ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ የቀረጻው መጀመሪያ ሰሌዳ፣ ክላኬቱ፣ ተመታ፣ ካሜራው ዞረ።

ቀረጻው ሲያልቅ ሙሴ ኮርቪል እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ እሺ ሳልል መብራት አይጠፋም።

«ሶላንዥ፣ ከሰኞው ጋር ይገጥማል?»

«ይገጥማል፣» አልኩ።

በሥራዬ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ እንዴት እንደቀለለኝ እስካሁን ይገርመኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ጨለማው ክፍል ውስጥ አራት ቁራሽ አየን። ሙሴ ኮርቪል ለአምራቹ የሚላክ ምክንያት በደብተሬ ላይ በእጄ እንድጽፍና ደብተሩን አስረክቤ እንድሄድ ነገረኝ። ሐኪም እንዲያየኝም መከረኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አባባ ፉልዣንስ በሩ ጋ ቆመው ያዩኛል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስህተቱ የእኔ ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ያስቀመጥኩት አራት ነበር። ቆጠራው ጠፍቶብኛል።» ፈረምኩ።

ካፖርቴን ለብሼ ደረጃውን ስወርድ ማዳም ኤርሚን ግድግዳ ተደግፋ ትወጣለች። ማወቄን አባባ ፉልዣንስ ይንገሯት አይንገሯት አላውቅም። እንድታልፍ ወደ ጥግ ተጠጋሁ። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች፤ አላየችኝም፣ ዓይኗ ደረጃው ላይ ነው።

«አምስት ነበሩ፣ ልጄ፣» አለችኝ ቀስ ብላ። «ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ትናንትም። በትክክል ነው የቆጠርሽው።»

ከዚያ ወደ ላይ ቀጠለች። እኔ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንደ እናቴ አይደለሁም፤ ጭንቅላቴ ሙሉ ነው። ይህን ለሰው የማሳይበት ደብተር ግን ፎቅ ላይ ቀርቷል፤ እዚያ ላይ ደግሞ በራሴ እጅ «አራት» ብዬ ጽፌያለሁ።