ያልጮኸው ክር

«እማ፣ የትኛው ክር ነው የጮኸው?»

ፈናን ይህን የጠየቀቻት ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መድረክ ላይ ሆና ነው፤ ጊታሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ። እናቷ ወርቅቱ ያን ጊዜ ክሮቹን ገና አትለይም ነበር። የቅዳሜ የጎልማሶች የፊደል ትምህርቷን ከአዳራሹ ጓሮ ባለችው ክፍል ጨርሳ፣ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከልጇ ጋር ወደ ቤት ለመሄድ የኋላው ወንበር ላይ ትጠብቅ ነበር። የሰማችው ይህን ብቻ ነው፤ የልጇ ጣቶች ሲሮጡ ዜማው እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ከውሃው ሥር ደግሞ አንድ ነገር እንደ ታሰረ ጥጃ ይጮሃል።

የአምልኮ ቡድኑ መሪ ወንደሰን ግን የትኛው እንደሆነም፣ ለምን እንደሆነም ያውቅ ነበር። ወርቅቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠና በትዕግሥት አስረዳት። ፈናን የምትጫወተው ሌጋቶ የሚሉትን ነው፤ ቀኝ እጅ አንዴ ከነካ በኋላ ግራው ብቻውን ክሩን እየመታና እየሳበ ይሮጣል። ግራ እጇ ከአሰላ አልፎ ለሌላ አገርም ይበቃል። ችግሩ የማትጫወትባቸው ክሮች ናቸው። አንዱ ሲመታ ሌሎቹም ይንቀጠቀጣሉ፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ሹክሹክታ ወስዶ ጩኸት ያደርገዋል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ የሙዚቃ አገልጋዮች ይመጣሉ፤ አንድ ጊታር ተጫዋች መርጠው ለሁለት ዓመት ሥልጠና ይወስዳሉ። ከፈናን ጋር የሚቀርበው የቡድኑ ሌላ ጊታር ተጫዋች ኤቢሳ ነው። ኤቢሳ እንደ እሷ አይፈጥንም፣ ግን ንጹሕ ነው።

«እትዬ ወርቅቱ፣ ቤት ስትለማመድ እንዴት አልተሰማትም?» ሲል ጠየቃት።

ለዚህኛው መልስ ነበራት፤ መናገሩን ግን አፈረች። ቤት ውስጥ ድምፅ ክልክል ነው። የከለከለችው ደግሞ ራሷ ናት።

ባሏ ጉርሙ ሃያ ዓመት ሙሉ በኢተያና በሳጉሬ የስንዴ ማሳ ኮምባይነር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያን ሁሉ ዓመት በሞተር ጩኸት ውስጥ ከርሞ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሮክ ከመታው ወዲህ የማንኪያ ድምፅ እንኳ ጭንቅላቱን ይሰነጥቀዋል። አንደበቱም ተሳስሯል። ጥርት ብሎ የሚወጣለት አንድ ቃል ቢኖር «ጨሊሲ» ነው፤ በኦሮምኛ ዝም በይ ማለቱ ነው። ስለዚህ ወርቅቱ በሩ ጠርዝ ላይ የጎማ ቁራጭ ለጠፈች፣ ዶሮዎቿን ሸጠች፣ ሬዲዮኑን ለጎረቤት ሰጠች። ለፈናንም ጊታሩን ኤሌክትሪክ ላይ እንዳትሰካው ነገረቻት። ሳይሰካ የዚያ ጊታር ድምፅ የዝንብ ያህል ነው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ያንን ዝንብ ስትከተል ኖረች። ጣቷ ፈጠነ፤ የተቀሩት ክሮች እየጮኹ መሆኑን ግን የሚነግራት አልነበረም።

ወርቅቱ ያን ቀን ከልጇ ኋላ ኋላ እየሄደች ወደ ቤት ተመለሰች። ልጄን ያበላሸኋት እኔ ነኝ የሚለው ሐሳብ አብሯት ገብቶ አብሯት ተቀመጠ።

መጀመሪያ ፈናን አቋራጭ ሞከረች። ከእናቷ አሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀድዳ የጊታሩ አንገት ጫፍ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ጩኸቱ ጠፋ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ወንደሰን ሳቅ ብሎ ጨርቁን ፈታው። ለእንግዶቹ በምታቀርበው መዝሙር መሃል ላይ ክፍት ክር፣ በጣት ያልተያዘ ክር ማለት ነው፣ የሚነካበት ቦታ አለ፤ የታሰረ ክር እዚያ ሲደርስ ዲዳ ይሆናል። ዝም ማሰኘቱ በእጅ መሆን አለበት፤ ሲፈለግ የሚለቅ እጅ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጉርሙ ምሳውን በልቶ ሸለብ ሲያደርገው፣ ወርቅቱ ብርጭቆዎቹንና የሻይ በራዱን በትሪ ይዛ በአልጋው አጠገብ አለፈች።

«እማ፣ ቁሚ» አለች ፈናን በሹክሹክታ። «እጅሽን እንዳታነሺ።»

ወርቅቱ ያጠፋች መስሏት ባለችበት ደረቀች። ፈናን ጎንበስ ብላ የእናቷን እጆች አየች። አውራ ጣትና ሁለቱ ጣቶች ትሪውን ይዘዋል። ትንሿ ጣት ዳር ያለውን ብርጭቆ ትነካለች። የግራ መዳፏ ጠርዝ የበራዱ ክዳን ላይ አርፏል። የማይሸከሙት ጣቶች ሥራ አልፈቱም፤ ሊጮህ በሚችለው ነገር ላይ፣ ሳይጨብጡና ሳይጫኑ፣ እንዲሁ ተኝተውበታል። ወርቅቱ እንዲህ እንደምታደርግ እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ያንን ክፍል ማቋረጥ ያስተማራት ነገር ነው።

ፈናን ያንኑ በጊታሩ ላይ ሞከረችው። የጠቋሚ ጣቷን ሆድ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ አስተኛች፤ የጣቷን ጫፍ ከጎኑ ላለው ክር አስጠጋች፤ የቀኝ መዳፏን ጠርዝ ወፍራሞቹ ላይ አሳረፈች። መሥራት አለመሥራቱን ግን ያልተሰካው ጊታር የዝንብ ድምፅ አይናገርም። ያኔ ነው ጆሮዋን በጊታሩ እንጨት ላይ እንድትለጥፍ እናቷን የለመነቻት።

ወርቅቱ ተንበርክካ ለጠፈች። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ድምፅ አስደነገጣት፤ አዳራሹ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ፈናን ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ እየነካች እንደ ጎረቤት ድምፅ እስክትለያቸው ድረስ አስጠናቻት፤ ቀጭኑ አንድ፣ ወፍራሙ ስድስት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት ልጇ ትጫወታለች፣ እሷ ታዳምጣለች፤ ጉርሙ እንዳይነቃ የጮኸውን ክር ቁጥር በመማሪያ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። 5። 6 እና 5። 2። ፊደሎቿ ገና የተንጋደዱ ነበሩ፤ ቁጥር ግን አትሳሳትም።

በዚያ ቤት እንደዚያች ሰዓት የምትወደው ነገር አልነበራትም። የልጇ ትንፋሽ በፀጉሯ ላይ ያልፋል፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን አትነሣም።

ቁጥሮቹ ቀን በቀን አነሱ። እንግዶቹ ሊመጡ አራት ቀን ሲቀር፣ ማክሰኞ፣ ፈናን የመዝሙሩን ፈጣን ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠችው። ወርቅቱ እርሳሷን ይዛ ጠበቀች። ምንም የለም። አንድ ድምፅ ይወርዳል፣ አምስቱ ዝም ብለዋል። ፈናን ከላይ ሆና ታያታለች። ወርቅቱ ከእንጨቱ ውስጥ ሌላ ነገር የሰማች ያህል ተሰማት፤ ልጅቷ ከሄደች በኋላ ያለውን ቤት፣ እሷና ጉርሙ ብቻ የሚቀሩበትን፣ ከጠዋት እስከ ማታ «ጨሊሲ» ብቻ የሚሰማበትን።

4 ብላ ጻፈች።

በጽሑፍ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር። አራት ቁጥር እንደዚያ ቀን አምሮላት አያውቅም።

ፈናን አላማረረችም። ረቡዕ ጣቷን ትንሽ ጫን አደረገች። 4። ሐሙስ ይበልጥ ጫነች። 4። የአውራ ጣቷ ሥር አበጠ፤ ወርቅቱ ማታ ማታ በሞቀ ውሃ ታሽላታለች፣ እያሸች ዐይኗን ትሸሻለች። አሁን የሚጮህ ክር የለም፤ ነገር ግን ጣቷ ከመጫኑ የተነሣ ዜማው ራሱ መታፈን ጀመረ። ወርቅቱ ያንንም ሰማች፤ ለእሱ ግን ቁጥር አልነበራትም።

አርብ ፈናን ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተችና ለወንደሰን ኤቢሳ ብቻውን ይቅረብ ልትለው እንደሆነ ነገረቻት። ለአንድ አፍታ ወርቅቱ ደረቷ ላይ የከረመ ድንጋይ የተነሣላት መሰላት። ወዲያው ደግሞ የልጇን ያበጠ እጅ አየች።

«አራቱ ውሸት ነው» አለች ወርቅቱ።

«የቱ አራት?»

«ሦስቱንም ቀን። ማክሰኞ ምንም አልጮኸም፤ ንጹሕ ነበር። ፈርቼ ነው ልጄ። ከሄድሽብኝ እዚህ ቤት እኔ…»

አልጨረሰችውም። ፈናን ድምፅዋን አላነሣችም፤ በዚያ ቤት ሲቆጡም ድምፅ አይነሣም።

«እማ፣ እኔ እኮ አንቺን ነበር የምሰማው» አለቻት። «የራሴን ጆሮ ትቼ አንቺን።»

ከአልጋው በኩል ጉርሙ «ጨሊሲ» አለ።

ፈናን ቅዳሜ ቀረበች። አዳራሹ ውስጥ አንድም ክር ሳያስፈልግ አልጮኸም። ፈጣኑ ቦታ ሲደርስ ግን እጇ በሦስት ቀን የተማረውን በአንድ ሌሊት አልረሳም፤ ጫነ፤ ከዜማው መሃል አራት አምስቱ ድምፆች እንደ ጠጠር ደርቀው ወደቁ። ከእንግዶቹ መካከል ሸምገል ያሉት ሰው በርኅራኄ አናገሯት፤ ጣትሽ ድንቅ ነው፣ ግን ክሩን አንቀሽዋል፣ የሆነ ነገር የምትፈሪ ትመስያለሽ አሏት። ፈናን አዎ ብላ ወረደች። እናቷ ወደተቀመጠችበት የኋላ ወንበር አልተመለከተችም። ኤቢሳ ቀስ ብሎ፣ ንጹሕ አድርጎ ተጫወተ፤ ተመረጠም።

ከዚያ ወዲህ ጊታሩን ቤት አምጥታው አታውቅም። ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ ሲተኛ፣ እናትና ልጅ ስንዴ ይለቅማሉ፤ ፈናን ስታዋራት በትሕትና ነው፣ ልክ እንደ ሌላ ሰው እናት። ወርቅቱ የፈራችው ብቻዋን መቅረትን ነበር፤ አሁን ልጇ አጠገቧ ተቀምጣም ብቻዋን ናት።

ኤቢሳ ሰኞ ጠዋት በአዳማ ሚኒባስ ሄደ። ጉርሙ፣ ወርቅቱና ፈናን ቀሩ።