ሩክና ቢሾፕ በሩክ ላይ

ቅዳሜ ጠዋቱን ሙሉ ጀማሪዎችን ስታስተምር የእድላዊት ጉሮሮ ደርቋል። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ያለችው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል ባዶ ሆና ወንድሟ እዝራ ግን የቼዝ ፕሮግራም ከፍቶ ከጥጉ ማሽን አልተነቀለም።

ትናንት ከሃይደር ጋር የጀመረው የቼዝ ግጥሚያ ሳያልቅ ተቋርጦ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይቀጥላል። ካሸነፈ ውጭ አገር የሚሄደው ቡድን ውስጥ ይገባል፤ እኩል ከወጣ ቦታው የሃይደር ነው።

«እዱ፣ ነይ እዪ! ወታደሮቹን ካለዋወጥን ለእኔ ሩክና ቢሾፕ፣ ለእሱ ሩክ ብቻ ይቀራል። ማሽኑ ፕላስ ሦስት ይላል፤ በሦስት ነጥብ እበልጣለሁ። አለቀለት!»

«እስቲ በወታደሮቹ ፋንታ ሩኮቹን አለዋውጥ።»

አለዋወጠ። ከአንድ የዳር ወታደርና ጥጉን ከማይነካው ቢሾፑ በቀር ምንም አልቀረውም። ማሽኑ ዜሮ አለ፤ እኩል።

«አየሽ? መንገዱ ያኛው ነው።»

እድላዊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፕሮግራሙን የጫነችው ራሷ ናት። ጥቂት ጠጠሮች ብቻ ሲቀሩ የጨዋታውን መጨረሻ ቁርጥ አድርገው የሚናገሩ ፋይሎች አብረውት መጥተው ነበር፤ ቦታ አልበቃ ሲላት ከፊሉን ትታዋለች። ገብታ ፈለገች። ለሩክና ቢሾፕ በሩክ ላይ የሚሆነው ፋይል የለም። ፕሮግራሙ ደግሞ ፋይል ጎደለኝ አይልም፤ ዝም ብሎ ጠጠር ይቆጥራል።

«እዝራ፣ ዜሮ ያለው አውቆ ነው። ሦስት ያለው ግን ቢሾፕህን ሦስት ነጥብ ብሎ ቆጥሮ ነው እንጂ ምንም አያውቅም። የቼዝ መጽሐፍ ላይ እኩል ነው።»

«አንቺ ደግሞ እምነት የለሽም!»

«የሌለው ፋይሉ ነው።»

እዝራ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «ታዲያ ምን ልጫወት?»

«እሱኑ። ሃይደር ሊሳሳት ይችላል። ግን ያለቀ እንዳይመስልህ።»

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተዘረጋ።

«እኩል። ንጉሡን ሃምሳ እርምጃ አሳደድኩት፣ ከዚያ ዳኛው በሕጉ መሠረት አስቆመን።»

«አንዴም አልተሳሳተም?»

«አንዴ ተሳስቷል። ራሱ ነው በኋላ ያሳየኝ። ‹ወላሂ እዚህ ጋ ገድለኸኝ ነበር› አለኝ፣ ይስቃል ደግሞ።»

«እንዴት አላየኸውም?»

«መፈለግ ትቼ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «እኩል ነው አላልሽኝም?»

የማታ ተማሪዎቿ መግባት ጀምረው ነበር።

«ቤት ግባ» አለችው፤ «ብላና ተኛ።»